ይገድልሻል ያላት ሰው

የፋሲካን አስከሬን ያገኘው ለሠርጉ ያሰፋውን ሱፍ ሊለካ የመጣ ወጣት ነበር። የልብስ ስፌት ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። «ቤቶች!» ብሎ ሲገባ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ነጠላ ጫማው የወለቀ እግር አየ። ጎንበስ ብሎ ፊቷን ካየ በኋላ ወደ ኋላው ሲሸሽ የተሰቀሉትን ኮቶች አብሮ ጎትቶ ጣላቸው።

ኢንስፔክተር ይመር ሲደርስ የኮልፌ ሰው የውስጥ ለውስጡን መንገድ ዘግቶ ነበር። ሳጅን ፀጋ በትከሻዋ እየከፈተችለት ገባ።

ሟቿ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ሴት ናት። ከንፈሯ ተገልብጦ አብጧል፤ ዓይኖቿ በእብጠቱ ተውጠው ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። አንገቷ ዙሪያውን ሰፋ ሰፋ ባሉ ቀያይ እብጠቶች ተሞልቷል። ግራጫ የሱፍ ሻርፕ፣ በችኮላ ተስቦ የተወረወረ ይመስላል፣ ከጎኗ ወድቋል። የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ግማሹ የተጠጣ የአቮካዶ ጁስ አለ።

«አንቀዋት ይሆን?» አለች ፀጋ።

ይመር ተንበርክኮ አንገቷን አየ። «የጣት ምልክት የለም። ጁሱን እሸጊው።»

ጎረቤቷ ሶፊ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት፣ እጇ ላይ ያለው ቀለም ሳይደርቅ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«እዚህ ከሷ ሌላ የሚሠራ ማነው?» አላት ይመር።

«ማኑሄ። በሽርክና ነው የሚሠሩት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጠዋት ሲጨቃጨቁ ነበር። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ‹ይገድልሻል› አላት።»

«ማን ይገድልሻል አላት?»

«እኔ ምን አውቄ! ማድረቂያው ይጮሃል። ብቻ ‹ይገድልሻል› ሲላት፣ እሷ ደግሞ ‹ተወኝ በቃ› ስትለው ሰምቻለሁ። ከዚያ ጁስ ይዞላት መጣ። ማስታረቂያ መስሎኝ ነበር፤ ሆዴ!»

ሰዓት ሳይሞላ ማኑሄ ከመርካቶ የአዝራር ከረጢቱን እንደያዘ ተመለሰ። ፖሊስ ከሕዝቡ መሐል እስኪያወጣው ድረስ ሁለት ጥፊ ቀምሶ ነበር። በማግስቱ የስፌት ቤቱ በር ላይ በከሰል «ነፍሰ ገዳይ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ።

*

ማኑሄ ረዥም፣ ቀጭን፣ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። አባቱ ከዳውሮ መጥተው ኮልፌ ገበያ ውስጥ ሲነግዱ እሱ እዚያው ተወልዶ አደገ። የጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጦ መሐል ጣቱን ያሻል፤ የመርፌ መግፊያ ቀለበቱን አስወልቀውታል።

«ጁሱን ማን ገዛላት?» አለው ይመር።

«እኔ።»

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር?»

«አልተጣላንም። ተቆጥቻት ነበር።»

«‹ይገድልሻል› ብለሃታል?»

«ብያታለሁ።»

ፀጋ ከምትጽፍበት ቀና አለች። ይመር ይክዳል ብሎ ነበር የጠበቀው።

«ምኑ ነው የሚገድላት?»

«ሱፉ ነዋ። ሱፉን ተዪው፣ አይስማማሽም፣ ይገድልሻል አልኳት። እሷ ግን ሰው እንዳይቀየማት ትላለች። ለሰው እምቢ ማለት አታውቅም፤ ለራሷ ሳታስብ እሺ ትላለች።»

ይመር የስፌት ቤቱን ግድግዳ አስታወሰ። ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ ኮት ከጣሪያ እስከ ወለል ተደርድሯል። ሁዳዴ ሲወጣ ሠርግ ነው፤ ሙሽራ ሁሉ ሱፉን ይጠብቃል።

«ሥራ በዝቶባት ነበር ማለት ነው» አለ።

«እሱማ በጣም። ትንሣኤ ሲያልፍ ሠርጉን ያውቁት የለ?»

«ምሳ በልታ ነበር?»

«አንዳንድ ቀን ከቤት በምሳ ዕቃ ይመጣላታል። ትናንት አላየሁም፤ መርካቶ ነበርኩ።»

«ምሳ ዕቃ አላገኘንም።»

«እንግዲህ አላውቅም።» ማኑሄ ቀና አለ። «ኢንስፔክተር፣ ባለቤቴ ፀሎት ደጅ ቆማለች። ሕፃን ይዛለች። ጎረቤት ቤቷ ላይ ድንጋይ እየወረወረ ነው። እኔን ካላመኑኝ አይመኑኝ፤ እሷን ግን ወደ እህቷ ያሳድዱልኝ… ማለቴ ያድርሱልኝ። ምላሴም ተሳሰረ።»

ፀጋ ፀሎትን አየር ጤና እህቷ ቤት ድረስ አድርሳት ተመለሰች። ማኑሄ ግን ታሰረ።

*

የሟቿ ባል የኔሰው አየር ጤና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ጢሙን ሳይላጭ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ቀራንዮ እናቱ ግቢ ከተተከለው ድንኳን ውስጥ ተነሥቶ ተቀበላቸው። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ገና ያልተለሰነው አዲስ ቤት ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ምሳ በልታ ነበር የሞተችው?» አለ ይመር።

«ኧረ የት! በሁዳዴ እስከ ማታ እህል አትቀምስም። ጠንካራ ጿሚ ነበረች። እኔ ሱቄ ነበርኩ። ፖሊስ ሲደውልልኝ ነው የሰማሁት።»

«የምትጠራጠረው ሰው አለ?»

«ስሙን ታውቁታላችሁ። በፖሊስ እጅ ነው።»

«ሕመም ነበረባት?»

የኔሰው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ፋሲካ? ሁሌ ታማሚ ናት፤ ነፍሷን ይማርና። አንድ ቀን አሳከከኝ፣ አንድ ቀን አፈነኝ። ቤቴል ክሊኒክ ወስጄ በደንብ አስመርምሬያታለሁ። ንጹሕ ናት ነው ያሉኝ። የአእምሮ ጉዳይ ነው አሉ።»

መኪና ውስጥ ሲገቡ ፀጋ በሩን ሳትዘጋ፣ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር» አለች። «እስከ ማታ እህል የማትቀምስ ሴት በቀትር ጁስ ትጠጣለች?»

«ምናልባት አፍራ ደብቃው ይሆናላ። ባል ሁሉን ያውቃል?»

«ይሄኛው ግን ሁሉን የሚያውቅ ይመስላል» አለችና ዘጋችው።

*

የአስከሬን ምርመራ ውጤቱ የአለቃቸውን ፊት አጠቆረው። ሐኪሙ ለይመር በስልክ ያስረዳው በቀላል ቃል ነበር።

«ጁሱ ውስጥም ሆዷ ውስጥም መርዝ የለም። አንገቷንም ማንም አልነካውም። ጉሮሮዋ ከውስጥ አብጦ ነው የተዘጋው። ሰውነቷን አንድ ነገር አስቆጥቶት ነው።»

«ምን ነገር?»

«ንብ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ምግብ ሊሆን ይችላል። የተነደፈችበት ቦታ አላየሁም። ሆዷ ውስጥ እንጀራና ደቆ የተፈጨ፣ ባቄላ የመሰለ ነገር አለ። ከምን ጋር እንደተዋሐደ እኔ ልነግርህ አልችልም። ምን እንደማይስማማት የሚያውቃትን ሰው ጠይቅ።»

ይመር ማኑሄን እንዲለቁት አለቃውን ጠየቀ። አለቃው ሁለቱንም እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«የማይስማማትን ነገር የሚያውቅ ማነው? ቀኑን ሙሉ አብሯት የሚውል ሰው። መርዝ ባይሰጣት የማይስማማትን ሰጥቷታል። ሰውየው እኮ በአፉ ‹ይገድልሻል› ብሏል፣ ይመር! ሕዝቡ ደጄ ነው ያለው። አልለቀውም።»

ቢያንስ አንድ ነገር ታውቋል። ፋሲካ ምሳ በልታ ነበር።

*

የቤቴሉ ክሊኒክ ሐኪም ዶክተር ገብረአምላክ ይባላል። ወጣት ነው፤ በጥድፊያ ሳይሆን በትዕግሥት የሚመልስ። ልብስ ሰፊዋን ወዲያው አስታወሳት። ሞቷን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ።

«ምን ብላ ነበር የመጣችው?» አለው ይመር።

«ቃሏን አልረሳውም፤ ምክንያቱም እንደሷ ጥርት አድርጎ የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ‹አይስማማኝም› ሲል ሆድ መንፋትም ሊሆን ይችላል፣ ጨጓራም፣ መጥላትም ብቻ ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ‹ሱፍ አይስማማኝም። ወዲያው ያሳክከኛል፣ አንገቴ ይቀላል፣ አንዴም አፍኖኝ ያውቃል› አለች። ሥራሽ ምንድነው ስላት ልብስ እሰፋለሁ አለችኝ። ከዚያ በላይ ግልጽ ነገር የለም።»

«ከዚያስ?»

«የሱፍ ጨርቅ ክንዷ ላይ አሥረን አየን። ምንም አልሆነችም። ባለቤቷ ‹ምግብም ይታይላት፣ ምግብ ታማርጣለች› አለኝ። ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ዓሣ፣ ኦቾሎኒ፣ ያለንን ሁሉ ቆዳዋ ላይ ሞከርን። አንዱም ቆዳዋን አላስቆጣም።»

«እና ምን አሏት?»

«ነፃ ነሽ። ያሻሽን ብዪ። ሐሳብ ሲበዛ ሰውነት ያሳክካል፤ እረፊ። ሱፉም ለጊዜው አይንካሽ፣ አትልበሺ አልኳት።» ዶክተሩ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ምርመራ እኮ የጠየቁትን ብቻ ነው የሚመልሰው፣ ኢንስፔክተር። ምን መጠየቅ እንዳለብኝ የሚነግረኝ የታካሚዋ አፍ ነው። እሷ ደግሞ ነገረችኝ።»

ይመር ሊነሣ ሲል ዶክተሩ፣ «አንድ ነገር ብቻ ገርሞኝ ነበር» አለ። «‹ሱፍ አትልበሺ› ስላት ባልየው ሳቀ። ቀልድ ያመለጠኝ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ።»

«እሷስ?»

«እሷ አልሳቀችም።»

*

ወደ ኮልፌ ሲመለሱ ስፌት ቤቱን አስከፍተው ገቡ። ይመር ዙሪያውን ሲያይ ቆይቶ ሶፊን አስጠራት።

«ፋሲካ ስትሠራ ጓንት ታደርግ ነበር?»

«ጓንት? ልብስ ሰፊ በጓንት መርፌ ይይዛል እንዴ?»

«ሻርፑንስ? ያ ግራጫው?»

«እሱንማ ብርድ መጣ ብላ አንገቷ ላይ ከጠመጠመችው ማን ያወልቀዋል! ሐምሌና ነሐሴን እሱን እንደጠመጠመች ነው የምትከርመው። ‹አያትሽ ናቸው ያለበሱሽ?› እያልኩ እስቅባት ነበር።»

«አሳክኮኝ ብላ ታውቃለች?»

«ሻርፑ? በጭራሽ!»

ሶፊ ስትወጣ ይመር መተኮሻው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ሱፍ የማይስማማት ሴት» አለ፤ «ቀኑን ሙሉ በባዶ እጇ ሱፍ ትሰፋለች፤ አንገቷን በሱፍ ትጠመጥማለች። ምንም አትሆንም። የክሊኒኩ ጨርቅም ምንም አላደረጋትም።»

«ስለዚህ ዋሽታለች» አለች ፀጋ።

«ምን ለማግኘት?»

ርቧቸው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ካለች የጾም ምግብ ቤት ገብተው ጥግ ያዙ። አስተናጋጇ ዱሬቲ ትባላለች፤ ከደንበኛ ሁሉ ጋር የምትቀልድ ፈጣን ልጅ ናት። ጠረጴዛውን እየወለወለች ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጠራችላቸው።

«ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ጎመን አለ፣ ፍርፍር አለ። ፋዘር ግን ደከም ያለው ይመስላል፤ ሱፍ ላድርግለት?»

ይመር ቀና ብሎ አያት።

«ምን አልሽ?»

«ሱፍ ፍትፍት። ቀዝቀዝ ያለ። አይወዱም እንዴ?»

ይመር ከወንበሩ ተነሣ። ፀጋ ኮፍያዋን ይዛ ስትከተለው ዱሬቲ ከኋላቸው፣ «ኧረ ካልወደዱትስ ሌላ አለ!» እያለች ትጮኻለች።

*

ማኑሄን ከእስር ክፍሉ አስወጡት። ጢሙ አድጓል። ከንፈሩ ላይ የጥፊው ቁስል እየደረቀ ነው።

ይመር ቆሞ ነበር የጠየቀው። «ጠዋት ‹ሱፉን ተዪው› ያልካት የትኛውን ሱፍ ነው?»

«የቱን ማለት?» ማኑሄ ሁለቱን በየተራ አየ። «የሚበላውን ነዋ! አማቷ ‹ምርመራው ነፃ ብሎሽ እያለ ለምን ሱፌን ትንቂያለሽ› እያሉ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አስጨንቀዋት ነበር። ‹በቃ ቀምሼላቸው ልገላገል› አለችኝ። አምና ከአንድ ሰው ቤት ሳታውቅ ቀምሳ እኔ ነኝ ሐኪም ቤት በታክሲ ይዣት የበረርኩት። እና ይገድልሻል አልኳት። እንደማትቀምስ ምላልኝ ነበር። ነግሬዎት የለም እንዴ?»

ይመር ወደ ፀጋ ዞረ።

«ምን መስሎዎት ነበር?» አለ ማኑሄ። መልሱን ከፊቱ ሲያነብ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ልብስ። ልብሱ መስሎዎት። እኔ እዚህ ስበሰብስ ሥራ በዝቶባት ነው ብለው።» ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፉ ወጣ። «ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነው አይደል? እኛ እኮ ሱፍ እንበላለን፣ ኢንስፔክተር። እኛም እንበላለን።»

*

ቀራንዮ ድንኳኑ ገና አልተነቀለም። የየኔሰው እናት እትዬ ዘነበወርቅ በመቀነት ወገባቸውን አጥብቀው፣ ፊታቸው በለቅሶ ከስሎ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ከሸዋ ወጥተው ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ አርባ ዓመት ኖረዋል። ይመር ጫማውን አውልቆ አጠገባቸው ተቀመጠ። የኔሰው ወደ ሱቁ ሄዶ ነበር።

«እትዬ፣ ያን ቀን ፋሲካ ሱፍ በልታ ነበር?»

«ኧረ አልሰጠኋትም! አትበላማ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ ሙት አይወቀስም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሱፌን ስትገፋ ጎረቤት አየ። በሁዳዴ የአማትን ሱፍ መግፋት ምን ማለት ነው? እጅሽን እጠየፈዋለሁ ማለት እኮ ነው። ዶክተሩ ነፃ ነሽ ብሏት እንኳ እምቢ አለች።»

«ታዲያ ምን በላች?»

«ስልጆ ነው የላክሁላት። በእንጀራ አድርጌ፣ በምሳ ዕቃ። የኔሰው ነው ያደረሰላት።»

ፀጋ እስክሪብቶዋን አወጣች። ይመር ድምፁን አልቀየረም።

«እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ የስልጆ አሠራር አላውቅም። ከምንድነው የሚሠራው?»

«ከባቄላ ነዋ። ባቄላው ይፈጫል። ከዚያ ሱፉ ተወቅጦ በውሃ ይጠለልና በሱፉ ውሃ ይገነፋል። ሰናፍጭ ይገባበታል፣ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ይቦካል። ያለ ሱፍ ስልጆ ምን ስልጆ…»

እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ፋሲካ ሱፍ እንዳለው ታውቅ ነበር?» አለ ይመር።

«የአሁን ልጆች የት ያውቃሉ! ባቄላ ነው የሚመስላቸው።» ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ። «የኔሰው ነው ያለኝ። ‹ስልጆ አድርገሽ ላኪላት፤ ሳታውቅ ትልመደው› አለኝ። ነፃ ናት ካሉ… ነፃ ናት ካሉ እኔ ምን ልበል? እኔም ደስ አለኝ እኮ። እጄን ልትቀምስ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

«ምሳ ዕቃው የት ነው፣ እትዬ?»

«ጓዳ ነው። ታጥቦ መጣ። እኔም ገርሞኝ ነበር፤ የኔሰው ከተወለደ ዕቃ አጥቦ አያውቅም፣ የጠጣበትን ብርጭቆ አያነሣም። ያን ቀን ምሳ ዕቃውን አጥቦ፣ ገልብጦ…»

አልጨረሱትም። ይመርን አዩት፣ ፀጋን አዩ፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የሌላ ሰው እጅ ይመስል መዳፋቸውን ትክ ብለው ተመለከቱ።

*

የኔሰው መጀመሪያ ካደ። ይመር ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የኔሰው ክዳኑን ሲያይ ቆየ።

«ሱቄ ነበርኩ» አለ።

«ጎረቤትህ በምሳ ሰዓት ዘግተህ እንደወጣህ ነግሮናል። እሱን ተወው። መጀመሪያ ስለ ቤቴል ንገረኝ። ዶክተሩ ‹ሱፍ አትልበሺ› ሲላት ለምን ሳቅህ?»

ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር።

«ልብስ መስሎት ነበር» አለ የኔሰው ቀስ ብሎ።

«አንተ የቱን እንዳለች ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አላረምከውም?»

«እሷ ልታርመው ነበር። አፏን ስትከፍት እግሯን ረገጥኳት።»

ፀጋ መጻፏን አቆመች።

«ምን ታያለሽ?» አላት የኔሰው። «አንቺ መሐል ላይ ኖረሽ አታውቂም። እናቴ ‹ሚስትህ ትጠየፈኛለች› እያለች ታለቅሳለች። እሷ ‹አልችልም› ትላለች። ከዓመት ዓመት። እኔ የምፈልገው ነፃ ናት የሚል አንድ ቃል ነበር፤ ከሐኪም አፍ። ዶክተሩ ራሱ ሰጠኝ። ለምን ልመልስለት?»

«እና አመንከው?»

«ቤት ስንደርስ አምኜው ነበር።» ራሱም የገረመው ይመስል ነበር። «ብዙ ጊዜ ከደጋገምኩት በኋላ እውነት ሆነብኝ። ሁሉም ንጹሕ ነው ብለዋታል እኮ! የተመረመረችውን ሁሉ! እና ላሳያት አልኩ። ሱፍ የለውም፣ ባቄላ ነው ብዬ ሰጠኋት። ርቧት ነበር። ‹ደስ ይላል፣ እማማን አመስግንልኝ› ብላ በላች። ስትጨርስ ነገርኳት። ‹አየሽ? ሱፍ በላሽ። ምን ሆንሽ?› አልኳት።»

«ምን አለች?»

«መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ጉሮሮዬን ያዘኝ አለች። ሰናፍጩ ነው፣ ጁስሽን ጠጪበት አልኳት። ሻርፗን ጎትታ ጣለችው። አንገቷን ታካለች፤ ትወዛወዛለች። ጀመረች ድራማዋን አልኩ። ተናደድኩ። ተነሥቼ ወጣሁ።»

«ትተሃት?»

«አየር ጤና አልደረስኩም። ደወልኩላት፤ አላነሣችም። ተመለስኩ።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ወድቃ ነበር። ጠራኋት። ምሳ ዕቃው የእናቴ ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክዳኑ ላይ ስሟን አስቀርጻበታለች። እናቴን ገደለቻት እንዳይሏት ብዬ ነው። ይዤው ወጣሁ።»

«ስትመለስ እስትንፋስ ነበራት?»

የኔሰው ምሳ ዕቃውን በክርኑ ከፊቱ ገፋው።

«ሐኪም ቤት በታክሲ ስንት ደቂቃ ነው? ማኑሄ አምና አድርሷታል። አንተ ምሳ ዕቃ ያዝክ። እስትንፋስ ነበራት ወይ?»

«አላየሁም» አለ በመጨረሻ። «እንዳላይ ነው የሮጥኩት።»

ይመር ምሳ ዕቃውን አነሣ። «ማኑሄ ሲታሰርስ? እሱም እናትህን ለማዳን ነው?»

«እሱ መጤ ነው» አለ የኔሰው፤ ወዲያው ቃሉን መልሶ ሊውጠው እንደፈለገ አንገቱን ደፋ።

*

ማኑሄን ሲለቁት ይቅርታ የጠየቀው አንድ ይመር ብቻ ነው። ከፀጋ ጋር ሆነው በመኪና ኮልፌ አደረሱት። ፀሎት ሕፃኑን አዝላ በሩ ላይ ያለውን የከሰል ጽሑፍ በእርጥብ ጨርቅ ስትፈትግ አገኟት። ቆርቆሮው ጠጥቶታል፤ «ነፍሰ» የሚለው ለቋል፣ «ገዳይ» ግን ደብዝዞ ይነበባል።

ሶፊ ከፀጉር ቤቷ ወጣች፣ ልትጠጋ አሰበች፣ ተመለሰች። ማኑሄ አያት።

«ሶፊ» አላት፤ «ሰላም ነሽ?»

«ማኑዬ… እኔ የሰማሁትን ነው…»

«አውቃለሁ። የሰማሽው ልክ ነው።»

ገብቶ የወደቁትን ኮቶች አንድ በአንድ አንሥቶ አራገፋቸው። ግራጫውን ሻርፕ የያዘው ፖሊስ ነው፤ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። የፋሲካን የስፌት መኪና በጨርቅ ሸፈነው።

«ደንበኞችህ ይመለሳሉ» አለው ይመር፤ ሲናገረው እንኳ እንደማይመለሱ ታውቆት ነበር።

«ያ አስከሬኗን ያገኘው ሙሽራ ትናንት ለፀሎት ደውሎላት ነበር» አለ ማኑሄ። «ሱፉን ባለበት እንድንመልስለት ነው። ሰው የሞተበት ቤት ነው አለ። እና ደግሞ ‹ጁሱን የገዛው እሱ አይደል?› አለ።»

ይመር ወጥቶ መኪናው ጋ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ዐቃቤ ሕጉ ነበር፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ሥራ የሚያጣድፈው ሰው። የምርመራውን ሪፖርት ገና መክፈቱ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ግራ ገባኝ» አለ። «ሟቿ ልብስ ሰፊ ናት ይላል። ሱፍ እንደማይስማማት ለሐኪም ተናግራ ነበር ይላል። ስህተት ካለ ብዬ ነው የምጠይቅዎት፤ የትኛው ሱፍ?»

ይመር ወደ ስፌት ቤቱ ዞሮ አየ። ፀሎት አሁንም ትፈትጋለች።

«ልክ ነህ፤ ጥያቄው እሱ ነበር» አለ። «እሷ በሕይወት ሳለች ግን ማንም አልጠየቃትም።»

«ማለት?»

«የሚበላው» አለ ይመር። «የሚበላው ብለህ ጻፍ።»